የበቀለልኝ ሁሉ ወደቀብኝ

ጥያቄ፦

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ትንሽ በረንዳ አለችኝ። ባለፈው ኅዳር መርካቶ ሄጄ የቲማቲም፣ የቃሪያ፣ የካሮት፣ የሰላጣና የቆስጣ ዘር ገዛሁ። ከግቢያችን አፈር ቆፍሬ አንድ ሰፊ ሳፋ ሞላሁና ሁሉንም እዚያው ዘራኋቸው። ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ ሳሎን ቲቪው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ጠዋትና ማታ ሳላቋርጥ አጠጣሁ። ሰላጣውና ቆስጣው በቀሉልኝ፤ ደስታዬን አልነግርህም። ከዚያ ቀጥነው ረዘሙ፣ አንገታቸውን ደፉ፣ በሳምንት ውስጥ ሁሉም ተኝተው አለቁ። ቲማቲሙ፣ ቃሪያውና ካሮቱ ጭራሽ አልወጡም። እናቴ ገጠር ዘሩን በተን አድርጋ ነው ጓሮዋ የሚሞላው። ባለቤቴ ደግሞ “ለምን ትደክሚያለሽ፣ ጎመን እንደሆነ ጉሊት ሞልቷል” ይለኛል። እኔ ግን ለሑዳዴ ከራሴ በረንዳ ቆርጬ ብሠራ ደስ ይለኛል። እጄ ለተክል አይሆንም ማለት ነው? ችግኝ ልግዛ ወይስ ልተወው?

ጓሮ ያማራት፣ ከጀሞ

መልስ፦

እህቴ፣ አትተዪው። እጅሽም ምንም አልሆነ። ሁለት ዓይነት ዘር አብቅለሻል እኮ! ያስቸገረሽ ከበቀሉ በኋላ የመጣው ነገር ነው። እሱ ደግሞ ምክንያቱ ይታወቃል፤ ይስተካከላልም።

መጀመሪያ ስለ መውደቁ እናውራ፤ ጀማሪውን ሁሉ ተስፋ የሚያስቆርጠው እሱ ነውና። ከወደቁት ቡቃያዎች አንዱን አንስተሽ ብታዪው ኖሮ ግንዱ አፈሩን የሚነካበት ቦታ ላይ ቡናማ ሆኖ፣ ክር አክሎ ታገኚው ነበር። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው። የተበላው ያቺ አንገቱ ብቻ ናት። ይህን የሚያደርጉት አፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶችና መሰሎቻቸው ናቸው። በየትኛውም የግቢ አፈር ውስጥ ይኖራሉ። የጠነከረ ተክል ላይ ብዙም አቅም የላቸውም። ገና ለስላሳ የሆነ፣ ተጨናንቆ የበቀለ፣ አየር ያጣና ጭቃ ላይ የቆመ ቡቃያ ሲያገኙ ግን በአንድ ሌሊት ይጨርሱታል። ጠዋትና ማታ ያጠጣሽው ውሃ የጠቀመው እነሱን ነው።

ሳፋሽ ታቹ የተበሳ መሆኑን አልጻፍሽልኝም። የልብስ ማጠቢያ ከሆነና ካልበሳሽው ውሃው መውጫ አልነበረውም። ላዩ የደረቀ ሲመስልሽ ታቹ ረግረግ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ያዢልኝ። ዘሩ እስኪበቅል ድረስ አፈሩ ከነላዩ እርጥብ መሆን አለበት። ከበቀለ በኋላ ግን ሕጉ ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ ላዩ ደረቅ ሲል ነው የሚጠጣው። ጣትሽን እስከ መጀመሪያው አንጓ አስገቢ። እርጥበት ከተሰማሽ ተዪው፤ ደረቅ ከሆነ አጠጪ። በሰዓት ወይም በቀን ቁጥር አታጠጪ። ደመና በሆነበት ቀንና ፀሐይ በከረረበት ቀን የሚፈልገው ውሃ አንድ አይደለም። ስታጠጪም ጠዋት ይሁን፣ ሌሊቱን ላዩ ረጥቦ እንዳያድር። ለትንንሽ ቡቃያ ከሁሉ የሚሻለው ከታች ማጠጣት ነው፦ ቀዳዳ ያለውን ዕቃ ውሃ የያዘ ትሪ ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ አፈሩ ወደ ላይ ይስባል፣ ላዩ መርጠብ ሲጀምር ታነሺዋለሽ። ግንዱ አይነካ፣ አፈሩም አይረጭ።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። “ቀጥነው ረዘሙ” ያልሽው ብርሃን ፍለጋ ነው። ለእኛ ዓይን ወለል ያለ ሳሎን ለቡቃያ ጨለማ ነው። መጋረጃ ካለ ደግሞ ይብሳል። ያለውን ጉልበት ሁሉ ቁመት ላይ ያውለዋል፤ ግንዱ ሳይወፍር ይረዝማል፤ ከዚያ በራሱ ክብደት ይወድቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቡቃያ ብቅ ያለ ዕለት ዕቃው በረንዳ ላይ ይውጣ። ነገ አይባልም፤ ያኔውኑ።

ብርዱን መፍራትሽ ይገባኛል። ግን ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ የደጋ ልጆች ናቸው፤ የአዲስ አበባን የኅዳር ሌሊት ይችሉታል። ብርድ የሚጠሉት ቲማቲምና ቃሪያ ናቸው። እነሱ ደህና ሆነው ለመብቀል 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ አፈር ይፈልጋሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በቀዝቃዛና በረጠበ አፈር ውስጥ የቃሪያ ዘር ተኝቶ ይከርምና ይበሰብሳል። ያንቺም የሆነው ይሄ ይመስለኛል። ካሮት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ለመውጣት ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል፣ ላዩ ከደረቀና ቅርፊት ከሠራ ሰብሮ አይወጣም።

በረንዳሽ ወዴት እንደሚያይ ደግሞ አጣሪ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትውልልንም። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መገባደጃ ላይ ቀትር ላይ ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። በመካከሉ ባሉት ወራት፣ ግንቦትና ሰኔን ጨምሮ፣ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ከመስከረም እስከ መጋቢት በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ በጋውን ፀሐይ ይጠግባል፤ ወደ ሰሜን የሚያይ ደግሞ በጋውን ጥላ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ የጠዋቷ ፀሐይ ለቅጠላ ቅጠል ትበቃለች። አንድ ቅዳሜ ቤት ውለሽ ፀሐይ ስንት ሰዓት ገብታ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ ተመልከቺ። አራት አምስት ሰዓት ካገኘሽ ጎመንም ቆስጣም ይሆናል። ለቲማቲም ስድስትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ስለ እናትሽ የጻፍሽው ደስ ይላል፤ ግን ራስሽን ከእሳቸው ጋር አታወዳድሪ። የእሳቸው ጓሮ ለዓመታት ፍግና አመድ ሲደፋበት የኖረ መሬት ነው። ጥልቅ ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያየዋል። በተን ሲያደርጉ ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ዘር ነው የሚበትኑት። የሚጠፋው አይታይም። ተጠጋግቶ የበቀለውን እየነቀሉ ወጥ ይሠሩበታል፤ የቀረው ቦታ አግኝቶ ይሰፋል። ዝም ብለው የበተኑ ይመስላል እንጂ በሚገባ እያሳሱት ነው። አንቺ ያለሽ አንድ ዕቃ አፈር ነው። በዚያ ውስጥ አምስት ጠባይ ያላቸው አምስት ተክሎች አብረው ሊያድጉ አይችሉም፤ አንዱ ሙቀት ይፈልጋል፣ አንዱ ቅዝቃዜ፣ አንዱ መዛወር ይወዳል፣ አንዱ ጨርሶ አይነካም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ አሁን አንድ ዓይነት ብቻ ዝሪ። እሱም ጎመን ይሁን። ዘሩን ለመግዛት እንኳ መርካቶ አትሂጂ። የምጣድ ማሰሻ ጎመን ዘር ቤትሽ አለ? እሱ የሐበሻ ጎመን ዘር ነው። ካልተቆላና ካልተወቀጠ፣ በጣም ካልቆየም፣ ይበቅላል።

ግን ሳትፈትኚው አትዝሪ። አሥር ፍሬ ቁጠሪ። ሶፍት አርጥበሽ ጨምቂው፤ እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠብጠብ። ዘሮቹን እላዩ ላይ በትነሽ እጠፊውና ፌስታል ውስጥ አድርገሽ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጪ፣ ለምሳሌ ፍሪጁ አናት ላይ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ክፈቺው። ነጭ ጭራ ያወጡትን ቁጠሪ። ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ዘርሽ ጥሩ ነው። አምስት ከሆኑ ደርበሽ ትዘሪያለሽ። ሁለትና ሦስት ብቻ ከሆኑ ለምጣዱ ይቆይ፤ ከቅመም ተራ አዲስ ግዢ። ይሄን ፈተና ከሱቅ ለምትገዢው ዘር ሁሉ አድርጊው። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ፓኬት ላዩ ያማረ ሆኖ ውስጡ የሞተ ሊሆን ይችላል። ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ዘር ካጋጠመሽ መድኃኒት የተለወሰ ነው፤ እጅሽን በደንብ ታጠቢ፣ ከልጆችም አርቂው።

ዕቃው 20 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ ይሁን። የግድግዳ የውሃ ቀለም የነበረበትን ምረጪና በደንብ እጠቢው። የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል ጀሪካን ግን በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂ። ሚስማር አግለሽ ታቹን ስድስት ሰባት ቦታ ብሺው። ለአፈሩ ችግኝ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት የቆየ ልክ አለ፦ 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስት ወይም በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ። የግቢያችሁ አፈር ዋልካ ከሆነ ተዪው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ዘንድ የተዘጋጀ አፈር በማዳበሪያ ተሞልቶ ይሸጣል፤ ለአንድ ባልዲ ያን ያህል አያስወጣም። ፍጉ ትኩስ ከሆነ ሥር ያቃጥላል። ሽታው አፍንጫ የሚመታ ከሆነ ገና ነው ማለት ነው። አንዴ የቡቃያ መውደቅ ስላጋጠመሽ፣ ላይኛውን አፈር ከመዝራትሽ ከአንድ ቀን በፊት የፈላ ውሃ አፍስሽበትና ይቀዝቅዝ። በሽታውን ሁሉ ባይጨርስም ይቀንሰዋል።

ባልዲው ውሃ ሲጠጣ ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ከመሙላትሽ በፊት ቦታው ላይ አስቀምጪው። የበረንዳውን ብረት ላይ ማንጠልጠል አይታሰብም፤ ከ3ኛ ፎቅ ቢወድቅ ሰው ይገድላል። ሥሩ ትሪ አድርጊ። ታች ያለችው ጎረቤትሽ ልብስ ባሰጣች ቁጥር ጭቃ ውሃ የሚንጠባጠብባት ከሆነ ባልዲሽ ብዙ አይቆይም።

አዘራሩ እንዲህ ነው። አፈሩን አስቀድመሽ አርጥቢ። በሦስት ማዕዘን፣ ተራርቀው፣ ሦስት ቦታ በጣትሽ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ጎድጎድ አድርጊ። ጥልቀቱን በቁም ነገር ያዢው። ደቃቅ ዘር የያዘው ስንቅ ጥቂት ነው፤ ከታች ሆኖ ብርሃን ሳያይ ስንቁ ካለቀ እዚያው ይቀራል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት ፍሬ ጣዪ፣ አልብሺው፣ በመዳፍሽ ጫን አድርጊው። እርጥብ ጨርቅ ወይም ጋዜጣ ላዩ ላይ ዘርጊበት። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ግለጪና እዪ። አፈሩ ትንሽ ተነሥቶ፣ ከሥሩ የታጠፈ ነጭ አንገት ሲታይሽ ጨርቁን አንሺ፤ መልሰሽ አታልብሺው።

ሁለት ክብ ቅጠል ይወጣሉ። እነሱ የዘሩ ናቸው። ከመካከላቸው እውነተኛው የጎመን ቅጠል፣ ጠርዙ ሸካራ የሆነው፣ ሲወጣና ሲደገም ጊዜው የማሳሳት ነው። ከየጉድጓዱ ጠንካራውን አንድ አስቀሪና ሌሎቹን በመቀስ ከሥራቸው ቁረጪ። አትንቀዪ፤ ሥራቸው ተጠላልፏል፣ የቀረውንም ታናጊዋለሽ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የጨከነበት ስለሚመስለው እጁ አይታዘዝለትም። አንቺም ካሳለፍሽው መከራ በኋላ የበቀለውን መቁረጥ ይከብድሻል። ቢሆንም ቁረጪ። አንድ ባልዲ ውስጥ አሥራ ሁለት ጎመን ቢቆም አሥራ ሁለቱም ክንዳቸውን ሳይዘረጉ ይቀራሉ። የተቆረጠው ደግሞ አይጣልም፤ ሰላጣ ላይ ጥሩ ነው።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆንሽ ሩዝና አትክልት ያጠብሽበትን ውሃ አስቀሪ፤ ለጎመን ምንም አይለውም። ሳሙና የነካው ግን አይሆንም። የሃይላንድ ክዳን በመርፌ ብትበሺ ደግሞ ለቡቃያ የምትሆን ማጠጫ አገኘሽ። የካቲትና መጋቢት ላይ ተክሉ ሲሰፋና ፀሐዩ ሲከር በየቀኑ ሊጠማ ይችላል፤ ጣትሽ ይነግርሻል።

በበጋ ጎመን ላይ የሚመጣ አንድ ጠላት አለ፤ ክሽክሽ። ግራጫ፣ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል፣ ከቅጠሉ ጀርባና ከጫፉ ላይ ተሰብስቦ ጭማቂውን የሚመጥ ነፍሳት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪ። አንድ ሁለት ስታገኚ በጣትሽ ጨፍልቂው። ከበዛ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ ጀርባውን ጨምሮ ርጪው፣ በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቂው። ለምትበዪው ቅጠል በረንዳ ላይ ፀረ ተባይ መርጨት አልመክርሽም፤ ጨርሶ።

አሁን ጥር ነው። በዚህ ሳምንት ብትዘሪ፣ ነገሩ ከሄደልሽ፣ ሑዳዴ ሳይወጣ የመጀመሪያውን ቅጠል ትቆርጫለሽ። የምትቆርጪው ከታች ያለውን ነው፤ ከላይ አራት አምስት ቅጠል ሁልጊዜ ይቅር። እንደዚያ ከሆነ ያው ተክል ደጋግሞ ይሰጥሻል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ከአንድ ባልዲ ሦስት ተክል የሚገኘው በአንድ ጊዜ እፍኝ ነው። ለቤተሰብ አንድ ድስት ለመሥራት ሦስት አራት ባልዲ ያስፈልጋል። ባለቤትሽ ስለ ወጪው የሚለው ለጊዜው ልክ ነው፤ አፈርና ባልዲ ገዝተሽ በመጀመሪያው ዓመት አታተርፊም። ነገር ግን የጓሮሽ ጎመን በምን ውሃ እንዳደገ ታውቂያለሽ። አዲስ አበባ ውስጥ በተበከለ የወንዝ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። የጉሊቱ ጎመን ሁሉ ከዚያ ነው አልልም፤ ማወቅ ግን ዋጋ አለው። ይሄን ለባለቤትሽ ንገሪው።

ጎመኑ ከቆመልሽ በኋላ ቀጥሎ ቆስጣ ጨምሪ፣ በሌላ ባልዲ። ዘሩን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሪው። አንድ የመሰለሽ ፍሬ በውስጡ ብዙ ዘር ስላለው ከአንዱ ሁለት ሦስት ቡቃያ ሲወጣ አትደንግጪ፤ እንደ ጎመኑ አሳሺው። ሰላጣ ደግሞ ሲዘራ አፈር አይጫነው፤ ብርሃን ይወዳል፤ ነስነስ አድርገሽ ጫን ማድረግ ይበቃል። ካሮትን ለጊዜው ተዪው።

ችግኝ ልግዛ ወይ ላልሽው፣ ለጎመንና ለቆስጣ አያስፈልግሽም። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ግን ከዘር አትጀምሪ፤ ችግኙን ግዢ ወይም ከጎረቤት ቅርንጫፍ ለምነሽ ትከዪ። የወረዳሽ ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤትም ጎራ በዪ፤ ለነዋሪ ዘርና ችግኝ የሚያቀርብበት ጊዜ አለ፣ ባለሙያም ታገኚያለሽ።

የተረፈሽን የቲማቲምና የቃሪያ ዘር አትጣዪው። ወረቀት ውስጥ ጠቅልለሽ፣ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ፣ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። አሁን ብትዘሪው ፍሬ የሚይዝበት ጊዜ ከክረምቱ ዝናብ ጋር ይገጥምብሻል፤ በዝናብ ደግሞ የቲማቲም ቅጠል ጠቁሮ የሚያደርቀው በሽታ አለ። በሚመጣው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ በሶፍት ፈትነሽ፣ በትንንሽ ኩባያ ቤት ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ ዝሪው። እንደበቀለ ቀን ቀን በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሙቅ፣ ማታ ማታ ይግባ። ጥር መጨረሻ ላይ ወደ ባልዲ ታዛውሪዋለሽ፣ ለአንድ ባልዲ አንድ ተክል። ፍሬ የሚያንዠረግገው ከመጋቢት ጀምሮ፣ ከተማዋ ሞቅ በምትልባቸው ወራት ይሆናል።